ቅቤ፣ ጢስና ውሃ፦ የራያ ቆላ የገላ ታሪክ

ቆቦ ከወልድያ ወደ አላማጣ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ያለች የቆላ ከተማ ናት። በስተ ምዕራብ የላስታ ተራሮች ከፍ ብለው ይታያሉ፤ በስተ ምሥራቅ የዞብል ሰንሰለት አለ፤ ከዞብል ማዶ ያለው አፋር ነው። በሁለቱ መካከል የተንጣለለው የራያ ሜዳ ማሽላ የሚበቅልበት፣ ከብት የሚረባበት አገር ነው። ፀሐዩ ይበረታል፤ ነፋሱ አቧራ ያነሣል፤ ዝናቡ አንድ ዓመት ይመጣል፣ አንድ ዓመት ይቀራል። በእንዲህ ያለ አገር የሚኖር ሰው ገላውን ቸል ካለ ተረከዙ ይሰነጠቃል፣ ከንፈሩ ይደርቃል፣ ፀጉሩ ይሰባበራል። የራያ ሰው ለፀጉሩና ለቆዳው የሚሰጠው ክብር በአገር ሁሉ የታወቀውም ያለ ምክንያት አይደለም።

የዚህን አገር የገላ ታሪክ ከጥንቱ ጀምሮ ለተከታተለ ሰው አንድ ነገር ደጋግሞ ይታየዋል። እዚህ የቆዳ ጤና ከላሟ፣ ከውሃውና ከሰላሙ ተለይቶ አያውቅም። ከሦስቱ አንዱ የጎደለ ዕለት ጉድለቱ መጀመሪያ የሚወጣው በሰው ገላ ላይ ነው። ዛሬ «ተፈጥሯዊ የቆዳ እንክብካቤ» እየተባለ በትንንሽ ብልቃጥ የሚሸጠው ነገር ይህን ታሪክ ስለማያውቀው ይመስለኛል ብዙ ጊዜ ከግማሹ ላይ የሚቆመው።

ሚያዝያ 1512 ዓ.ም. ምጽዋ ላይ የወረደው የፖርቱጋል መልእክተኛ ቡድን ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል ለመድረስ ወደ ደቡብ ሲጓዝ በጥንቱ የአንጎት ግዛት በኩል አልፏል። ከቡድኑ ጋር የነበረው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ያየውን ጽፎ አቆይቶልናል። ማንደሌ የምትባል፣ ሸቀጥ ሁሉ የሚገኝባት ትልቅ የገበያ ከተማ በመንገዱ ላይ አግኝቷል፤ ነዋሪዎቿ ለንጉሡ የሚገብሩ ሙስሊሞች ነበሩ። በቆላው ደግሞ ዶባ የሚባሉ፣ በከብታቸው የታወቁና ለነገሥታቱ በቀላሉ የማይገዙ ሰዎች ይኖሩ እንደነበር ነግሮናል። ከዚያው ምእተ ዓመት አጋማሽ በኋላ የኦሮሞ ጎሳዎች ወደ ሜዳው ገብተው ሰፈሩ፤ ከነባሩ ሕዝብ ጋር ተጋብተው፣ ተዋልደው፣ ቋንቋና ወግ ተለዋውጠው ኖሩ። ሕዝቡ ሲቀላቀል ከብቱ አልተለወጠም። ዶባም ሆነ በኋላ የመጣው፣ ኑሮው በላምና በበሬ ላይ የቆመ ነበር።

ለከብት አርቢ ሕዝብ የመጀመሪያው ቅባት ቅቤ ነው። ለጋ ቅቤ አናት ላይ ይደረጋል፤ ፀሐዩ ሲያቀልጠው በጆሮ ግንድ፣ በማጅራት፣ በትከሻ ላይ ይወርዳል። መዓዛ እንዲኖረው ደግሞ ሴቶች ከደጋ የሚመጣውን አደስ ወቅጠው ይቀላቅሉበታል፣ ጠጅ ሳርም ይጨምሩበታል። ለሹሩባ ብቻ የሚደረግ የሚመስለው ሰው ይኖራል፤ ነገር ግን ቅቤው በቆዳው ላይ ሳስቶ ሲነጠፍ በገላ ውስጥ ያለው እርጥበት በደረቁ ነፋስ እንዳይወሰድ ይከላከላል። የዛሬ የቆዳ ሐኪም ለደረቅ ቆዳ ቫዝሊን ሲያዝ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። የሕፃናቱ ራስም በዘፈቀደ አይላጭም ነበር። ቁንጮ ወይም ጋሜ ተትቶ ሌላው በምላጭ ሲነሣ ቅማል መጠለያ ያጣል፣ ቆረቆር የጀመረም እንደሆነ እናት ቶሎ ታየዋለች።

ቅቤው ደግሞ በአናት ላይ አይቀርም። በወተትና በገንፎ ላይ ሆኖ ወደ ሆድ ይገባል። ለቆዳና ለዓይን የሚያስፈልገው ቫይታሚን ኤ የሚገኘው እዚያ ውስጥ ነው። ወተት ጠጥታ ያደገች ልጅ ቆዳዋ የሚያምረው በተቀባችው ቅቤ ይሁን በጠጣችው ወተት እናቷ ለይታ አታውቅም፤ መለየትም አያስፈልጋትም ነበር። የውስጡና የውጩ እንክብካቤ ከአንዲት ላም የሚገኝ ነበርና።

ከቅቤው ቀጥሎ ጢሱ ይመጣል። ወይባ በቆላማ ተዳፋት ላይ የሚበቅል ዛፍ ነው፤ የወይባ ጢስ መሞቅ ደግሞ የራያ፣ የወሎና የትግራይ ሴቶች የቆየ ወግ ነው። በጎጆው ወለል ላይ ትንሽ ጉድጓድ ይቆፈራል፤ ፍም ይደረግበታል፤ በፍሙ ላይ የወይባ ፍልጥ ይጨመራል። ሴትዮዋ ገላዋን በቅቤ ወይም በዘይት ታሽታ ጉድጓዱ ላይ ትቀመጣለች፤ ከአንገቷ በታች በወፍራም ጨርቅ ትሸፈናለች፤ ራሷ ከውጭ ይቀራል። ላቧ ይወርዳል፣ ጢሱም ከቅባቱ ጋር ቆዳዋ ላይ ይያዛል። ስትነሣ ገላዋ ወደ ቢጫ የሚያደላ መልክ አውጥቶ፣ ለስልሶ፣ ሽታው ለቀናት የማይለቅ ሆኖ ነው። ሙሽራ ከሠርጓ በፊት፣ አራስ ከወለደች በኋላ ትሞቃለች። ከዚህ ብዙ የማይለይ ልማድ በሱዳን ሴቶችም ዘንድ አለ፤ እነሱ የሚያጨሱት የግራር ዘር የሆነውን ጣልሕ ነው።

ተመራማሪዎች የወይባን ቅርፊት በቤተ ሙከራ ሲመረምሩ ባክቴሪያንና ፈንገስን የሚቋቋም ኃይል አግኝተውበታል። ይህ በሳህን ላይ የታየ ነገር ስለሆነ ጢሱ በሽታ ይፈውሳል ብሎ ለመናገር አያበቃም። እኔ ግን የጢሱ ትልቅ ጥቅም ሌላ ይመስለኛል። የምትሞቅ አራስ ውሃ አትቀዳም፣ እንጨት አትለቅምም፣ ወፍጮ ላይ አትደፋም። ሴቶች ተሰብስበው ያሿታል፣ ይቀቧታል፣ ገንፎ ያበሏታል። ከወሊድ የተነሣች ሴት ከዕረፍት፣ ከሙቀትና ከምግብ የምታገኘው ጥቅም ገላዋ ላይ ይታያል፤ ምስጋናው ለወይባው ብቻ ይሰጣል።

እጽዋቱም ብዙ ናቸው። የሬት ዝልግልግ ፈሳሽ በፀሐይ ለተቃጠለ ቆዳ ይደረጋል። የድግጣ ቅጠል ተዘፍዝፎ ቅማልና እከክ ይታጠብበታል። ከደጋ የሚመጣው የእንሶስላ ሥር ተወቅጦ እጅና እግር ላይ ይታሰራል፤ ያቀላል፣ ተረከዝን ያጠነክራል ይባላል። በሙስሊሙ ቤት ለዒድና ለሠርግ ሂና አለ። የሙስሊሙ ውዱእ በቀን አምስት ጊዜ እጅን፣ ፊትን፣ እግርን ወደ ውሃ ይመልሳል፤ ክርስቲያኑ ለገላው ሕመም ጸበል ይጠመቃል። በዚህ አገር ገላን መታጠብ ከሃይማኖት ጋር ተያይዞ ስለኖረ ውሃ ሲጠፋ የሚጎዳው ንጽሕና ብቻ አይደለም፤ ሰው በፈጣሪው ፊት የሚቆምበት ሁኔታም ይጎዳል። ሁሉም ነገር መልካም ነበር ለማለት ደግሞ አልደፍርም። የቅንጭብ ወተት ኪንታሮትንና ጭርትን ያጠፋል ተብሎ ሲቀባ ጤነኛውን ቆዳ አቃጥሏል፤ ዓይን ውስጥ ገብቶ ብርሃን ያጠፋበትም ጊዜ አለ።

ከእነዚህ ሁሉ በላይ የቆየው ጠላት ፈንጣጣ ነበር። የካቲት 1762 ዓ.ም. ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ጎንደር ሲገባ በእቴጌ ምንትዋብ የቁስቋም ቤተ መንግሥት ውስጥ ፈንጣጣ ገብቶ አገኘ፤ የመሳፍንቱን ልጆች እንዲያክም የተጠራውም ያኔ ነው። ብሩስ ለተቅማጥ መድኃኒትነቱን የመሰከረለትና ኋላ በስሙ የተሰየመው ዋጊኖስ በአገራችን ለቆዳ ቁስልም የሚያገለግል ዛፍ ነው። በሰሜን ኢትዮጵያ ሕዝቡ ከዚያም በፊት ሆነ በኋላ ፈንጣጣን ሲጠብቅ አልተቀመጠም። ሕመሙ ከቀለለለት ሰው ቁስል መግል ተወስዶ የጤነኛውን ክንድ በትንሹ ሰንጥቆ ማስገባት የታወቀ ልማድ ነበር። አንዳንዱን ገድሏል፤ ብዙውን አትርፏል።

ከዚያ 1880 ዓ.ም. መጣ። ጣሊያኖች በምጽዋ በኩል ካስገቧቸው ከብቶች የተነሣው የከብት ደስታ በሽታ ከሰሜን ወደ ደቡብ እየጠራረገ ወረደ። ከአሥር ከብት ዘጠኙ እንዳለቀ ነው የሚነገረው። አራሹ በሬ አጣ፣ እናት ወተት አጣች። በአገር ሁሉ «ክፉ ቀን» ተብሎ የቀረው ዘመን እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ ዘለቀ፤ ረኀቡን ተከትለው ፈንጣጣ፣ ታይፈስና ኮሌራ ገቡ። እንደ ራያ ባለ በከብት በሚኖር ቆላ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ከላይ ያልነው ያስረዳል። ላሟ ስትሞት ከሆድም ከአናትም ቅቤ ጠፋ። የተራበ ሰው ቆዳ ይሳሳል፣ ይላጣል፣ ቁስሉ አይደርቅም፤ የተጎሳቆለ ልብስ ደግሞ ቅማል ይይዛል፤ ቅማሉ ታይፈስን ያመጣል። የገላ እንክብካቤ ጥበብ ያላት ሴት ነበረች፤ ጥበቧን የምትሠራበት ነገር ግን በእጇ አልነበረም።

ይህ ሁሉ ሲሆን ቆዳ ራሱ የጦር ዒላማ ሆኖ አያውቅም ነበር። እሱ የመጣው በ1928 ዓ.ም.፣ ጣሊያን ኢትዮጵያን በወረረች ጊዜ ነው።

የሰናፍጭ ጋዝ የሚባለው ኢፔሪት በመሠረቱ ጋዝ አይደለም፤ ዘይትነት ያለው ፈሳሽ ነው። በሰኔ 1917 ዓ.ም. የተፈረመው የጄኔቫ ስምምነት በጦርነት እንዳይሠራበት ከልክሎት ነበር፤ ጣሊያንም ፈርማለች። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. በተከዜ በኩል መውረድ የጀመረው መርዝ ጦርነቱ ወደ ደቡብ ሲገፋ እሱም አብሮ ወረደ። የካቲትና መጋቢት ላይ ንጉሠ ነገሥቱ ዋና ሠፈራቸውን ያደረጉት ከአላማጣ በላይ ባለችው በኮረም ነበር። አውሮፕላኖቹ በወታደሩ ላይ፣ በመንገዱ ላይ፣ በግጦሹ ላይ፣ ሰውና ከብት በሚጠጣው ውሃ ላይ ረጩት።

የኢፔሪት ክፋቱ የነካው ሰው ወዲያው አለማወቁ ነው። ጤዛ የመሰለው ነገር በባዶ እግሩና በስስ ሸማው ላይ አርፎ ይውላል። ከሰዓታት በኋላ ቆዳው ይቀላል፣ ያሳክካል፣ ከዚያ ውሃ ቋጥሮ ያብጣል፣ ይላጣል። ዓይን ይዘጋል። ብብት፣ ጉያ፣ የሚያልበው ቦታ ሁሉ ክፉኛ ይጎዳል። የተነፈሰው ሳንባው ይቃጠላል። ጫማ ያልነበረው ወታደርና ገበሬ በተረጨ ሣር ላይ ሲራመድ ከእግሩ ጀመረው።

በአካባቢው የነበሩት ሐኪሞች ጥቂት ናቸው። በዶክተር ጆን ሜሊ የሚመራው የእንግሊዝ የአምቡላንስ ቡድን በኮረም ሜዳ ድንኳኑን ተክሎ ሳለ የቀይ መስቀል ምልክቱ እየታየ የካቲት 25 ቀን 1928 ዓ.ም. በቦምብ ተመታ፤ ከዚያ በኋላ ቡድኑ ወደ አላማጣ ወረደ። ሜሊ በጋዝ የተቃጠሉ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎችን እንዳከሙ፣ ከነዚያም ውስጥ የታቀፉ ሕፃናት እንደነበሩ ለአገሩ ሰዎች ጽፏል። የቡድኑ ባልደረባ ዶክተር ጆን ማክፊ የማስታወሻ መጽሐፉን በዚያው ዓመት አሳተመ። የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል መልእክተኛ ስዊዘርላንዳዊው ዶክተር ማርሴል ዡኖም ኮረም ላይ በዛፎች ሥር ተኝተው የድረሱልን ጩኸት የሚያሰሙ ቁስለኞችን ማየቱን በመጽሐፉ ተርኳል። መጋቢት 22 ቀን የማይጨው ጦርነት ሆነ፤ መጋቢት 26 ቀን ያፈገፈገው ሠራዊት በአሸንጌ ሐይቅ ዳር ከአየር ቦምብና መርዝ ወረደበት። ሜሊ ከአንድ ወር ብዙ ሳይርቅ አዲስ አበባ በዝርፊያው ቀን በጥይት ተመትቶ ሞተ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን ጄኔቫ ላይ ቆመው ለመንግሥታቱ ማኅበር ስለዚህ የመርዝ ዝናብ ተናገሩ። ጣሊያን በመከላከያ ሚኒስትሯ አንደበት ጋዙን መጠቀሟን ያመነችው በ1988 ዓ.ም. ነው፤ ስልሳ ዓመት ቆይታ።

የራያ ሴቶች የቆዳ ጥበብ ለዚህ መልስ አልነበረውም። ኢፔሪት በቅባት ውስጥ ስለሚሟሟ ቅቤ የተቀባ ሰው መርዙ ወደ ውስጥ እንዲገባ ይረዳዋል እንጂ አያወጣውም። የሚበጀው ልብስን ወዲያው አውልቆ በብዙ ውሃና ሳሙና መታጠብ ነበር፤ ውሃው ራሱ ተመርዟል፣ ሳሙናም የለም። ስለ ማይጨው ጦርነት ስንጽፍ ጀግንነቱን እናወሳለን፤ ተገቢ ነው። ገላቸው ተልጦ በየመንገዱ የቀሩትን ግን ከዚህ በላይ ልናስታውሳቸው ይገባናል። በቆቦና በአላማጣ፣ በኮረምና በማይጨው የመታሰቢያ ሐውልት ሲታሰብ ስለ ጋዙ አንድ መስመር ቢጻፍ አይበዛም።

ከጦርነቱ በኋላ በወሎ የቆዳ ሕክምና ታሪክ ውስጥ ትልቁን ስፍራ የያዘው ቦሩ ሜዳ ነው። ዐፄ ዮሐንስ በ1870 ዓ.ም. የሃይማኖት ጉባኤ ያደረጉበት ይህ የደሴ አጎራባች ቦታ በሱዳን ኢንቴርየር ሚሽን ሚስዮናውያን አማካይነት የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ተሠራበት። ሥጋ ደዌ ያለበት ሰው ከራያም፣ ከላስታም፣ ከየጁም እየተነሣ ወደዚያ ይሄድ ነበር። አቅም ያለው ደግሞ እስከ አዲስ አበባ ይደርስ ነበር፤ በዚያ በዘነበወርቅ ሆስፒታል አጠገብ የሥጋ ደዌ ማዕከሉ አለርት በታኅሣሥ 1958 ዓ.ም. ተመሠረተ። በሽታው በዘር የሚወርድ እርግማን ተደርጎ ስለሚታይ ሰው ነጣ ያለውን ምልክት ይደብቃል፣ ልጁ እንዳታገባ ይፈራል፣ በመጨረሻ ጣቱ ሲቆረጥ ከቤት ይወጣል። እውነቱ ሌላ ነበር። የሚመጣው ከባክቴሪያ ነው፤ በቀላሉ አይተላለፍም፤ አብዛኛው ሰው በተፈጥሮው ይቋቋመዋል። በ1975 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የተጀመረው የተጣመረ መድኃኒት በጊዜ የደረሰለትን ሰው ፈጽሞ ያድነዋል።

ፈንጣጣም መጨረሻው ደረሰ። የማጥፋቱ ዘመቻ በኢትዮጵያ በጥር 1963 ዓ.ም. ሲጀመር በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ26 ሺህ በላይ ታማሚ ተመዘገበ። ከታቢዎቹ ሁለት ጥርስ ያላትን መርፌ ይዘው በእግርና በበቅሎ ገደል ለገደል ዞሩ። በነሐሴ 1968 ዓ.ም. የመጨረሻው ታማሚ በኦጋዴን በረሃ ተገኘ፤ በጥቅምት 1970 ዓ.ም. በተፈጥሮ መንገድ የተያዘው የዓለም የመጨረሻው ታማሚ ሶማሊያ፣ መርካ ላይ ታየ። የቆቦ ሽማግሌዎች ፊት ላይ ጠባሳው ይታይ ነበር፤ የልጅ ልጆቻቸው ፊት ላይ የለም። በቆዳ ታሪካችን ከዚህ የሚበልጥ ድል የለንም።

ፈንጣጣ እየጠፋ ሳለ ረኀቡ ተመለሰ። በ1965 እና 1966 ዓ.ም. የራያ ቆላ ማሽላ ደረቀ፤ የወሎ ገበሬ ወደ አውራ ጎዳናው ወጣ። በ1977 ዓ.ም. ደግሞ ያው ኮረም፣ የጋዙ ቁስለኞች የተኙበት ሜዳ፣ የረኀብ መጠለያ ሆነ። ጥቅምት 13 ቀን ማይክል ቡርክና መሐመድ አሚን ከዚያ የላኩት ዘገባ በቢቢሲ ታይቶ ዓለምን አስደነገጠ። ፊልሙ የማያሳየውን ሐኪሞች ያውቁታል። ፕሮቲን ያጣ ሕፃን እግሩ ያብጣል፣ ቆዳው ጠቁሮ ይላጣል፣ ፀጉሩ ቀልቶ ይረግፋል። በአንድ ድንኳን የተፋፈገ ሰው እከክና ቅማል ይጋራል። የዚህ ቆዳ መድኃኒቱ ወተትና እህል ነው፤ ቅባት በኋላ ይደርሳል።

በ1990ዎቹ በቆቦና በጊራና ሸለቆ የመስኖ ልማት ሲስፋፋ የከርሰ ምድሩ ውሃ ወደ ላይ ወጣ። ሽንኩርትና ቲማቲም መጣ፤ ለልብስና ለገላም ውሃ ተገኘ። ውሃም የራሱ ጣጣ አለው። ከቆቦ በስተ ሰሜን ባሉት በዋጃና ጥሙጋ ቢልሃርዝያ እንዳለ ጥናት አሳይቷል፤ የቢልሃርዝያ ትል ደግሞ ወደ ሰው የሚገባው በቆዳው ነው፣ ቀንድ አውጣ ያለበት ውሃ ውስጥ የቆመ እግር ይበቃዋል። የኢትዮጵያው ሳይንቲስት አክሊሉ ለማ ዐድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማየቱ እዚህ ላይ ይታወሰናል። ይህ በ1950ዎቹ ነበር፤ ከባልደረባው ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1982 ዓ.ም. ዓለም አቀፍ ሽልማት አስገኝቶለታል። የደጋ ሴት ሸማ የምታነጣበት ፍሬ ቆዳን ከሚበሳ ትል እንደሚጠብቅ ያወቀው ሴቶቹን ተመልክቶ ነው። የአገር ዕውቀት በእንዲህ ያለ ዓይን ሲታይ ምን ያህል እንደሚሰጥ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

መስኖው በተስፋፋበት በዚያው ዘመን የወይባ ጢስ ከጎጆ ወጥቶ አዲስ አበባ ገባ። የውበት ሳሎኖች ለሙሽሮች ያቀርቡት ጀመር፤ ወይባውም በጆንያ ተጭኖ ከቆላው መውጣት ጀመረ። ባህሉ መከበሩ ደስ ያሰኛል። ዛፉ ግን እየተቆረጠ እንጂ እየተተከለ አይደለም፤ ለከሰልና ለማገዶም ስለሚፈለግ ተዳፋቱ ሲራቆት ማየት ያሳዝናል። መስኮት በሌለው የከተማ ክፍል ውስጥ የሚጨስ ፍምም ሽታ የሌለው ገዳይ ጋዝ ያወጣል። የጎጆው ሣር ክዳን ያስተነፍስ ነበር፤ የሲሚንቶ ክፍል አያስተነፍስም። ነፍሰ ጡርና አስም ያለባት ሴት ከዚህ ብትርቅ ይሻላታል።

በ2008 ዓ.ም. ድርቁ ሲመታ እከክ ወረርሽኝ ሆኖ ተነሣ። በአማራ ክልል ድርቅ ባጠቃቸው ወረዳዎች ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰው ተመርምሮ ከሦስት ሰው አንዱ ያህል ተይዞ ተገኘ። ምክንያቱ የሚገርም አልነበረም። የምትጠጣው ውሃ ያጣች እናት ልብስ የምታጥብበት ከየት ታመጣለች? የዓለም ጤና ድርጅት እከክን ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር በሽታዎች መዝገብ ያስገባው በዓመቱ፣ በ2009 ዓ.ም. ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የራያ ቆቦን ወረዳ የመድኃኒት እጽዋት የመዘገበ ጥናት ታትሞ ወጣ፤ በየአዋቂው ልብ ብቻ የነበረ ዕውቀት በወረቀት ላይ ሰፈረ። ሐምሌ 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ቆቦ ደረሰ። ከተማዋ ተያዘች፣ ተለቀቀች፣ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ዳግመኛ ተያዘች። በሰሜን ወሎ ጤና ጣቢያዎች ተዘረፉ፣ ወደሙ፤ ሕዝቡ ከብቱን በትኖ፣ ጎተራውን ጥሎ ተሰደደ። ላሟ፣ ውሃውና ሰላሙ አንድ ላይ ጠፉ። ጥቅምት 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያው የሰላም ስምምነት ሲፈረም የቀረውን የሚያውቁት ቤታቸው የተመለሱት ናቸው።

አሁን በቆቦም ሆነ በወልድያ ሱቅ ገብቶ ፊት የሚያቀላ ቅባት ማግኘት ቀላል ነው። ከነዚህ ቅባቶች ብዙዎቹ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ሊሸጡ የማይገባቸው ስቴሮይድና ሃይድሮኪኖን አለባቸው፤ ሜርኩሪ የተገኘባቸውም አሉ። ስቴሮይዱ መጀመሪያ ፊቱን ያጠራል፤ ቆይቶ ቆዳውን ያሳሳል፣ ብጉር ያወጣል፣ የደም ሥሩን ያሳያል፣ ሲተውት ያቃጥላል። ሜርኩሪው ኩላሊት ይጎዳል። ቅቤ የተቀባ ግንባሯን ለፀሐይ ሰጥታ የኖረች የራያ ሴት ልጅ ጥቁር ገላዋን እንድታፍርበት የሚያስተምር ንግድ ላይ ጨክኖ መናገር ያስፈልጋል። ያ ጥቁረት በዚህ ፀሐይ ሥር ተፈጥሮ የሰጣት ጋሻ ነው።

ስለዚህ ከአያቶቻችን ወግ የምንይዘውንና የምንተወውን እንለይ። ለደረቀ ቆዳና ለፀጉር ቅቤው ይቀጥል፤ በእሳት ቃጠሎ፣ በክፍት ቁስልና በሕፃን እትብት ላይ አይደረግ፤ ቃጠሎ የሚፈልገው ቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ ነው። እከክ ሲገባ የታመመው ብቻ አይታከም፤ ቤተሰቡ ሁሉ በአንድ ቀን መድኃኒቱን ይቀባ፣ ልብሱና አንሶላው በዚያው ቀን ይታጠብ፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣ። ወይባ የሚቆርጥ ወይባ ይትከል። በየቀበሌው የውሃ ቧንቧ እንዲገባ የሚጮኽ ሰው ስለ ቆዳ ጤና ነው የሚጮኸው።

ይህን የምታነቡ እናቶችና አባቶች፣ ልጃችሁ ገላ ላይ ነጣ ወይም ቀላ ያለ፣ ሲነኩት የማይሰማው ምልክት ካያችሁ ቅቤ አትቀቡበት፣ አትደብቁት። ልጁን ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። የሥጋ ደዌ መድኃኒት በነፃ ይሰጣል፤ እንደ ዓይነቱ ለ6 ወይም ለ12 ወር ይወሰዳል፤ በጊዜ የጀመረ ልጅ ጣቱም እግሩም አይጎዳም።